የጥቁሩ ኮረብታ አስተርጓሚ

ኤልሳቤጥ በጂንካ ጤና ጣቢያ ድሬሰር ነበረች። ቁስል ታጥባለች፣ ስብራት ታስራለች፣ መርፌ ትወጋለች። እንግሊዝኛ የተማረችው ልጅ ሳለች ሚሲዮኖቹ ክሊኒክ ውስጥ እየተላላከች ነው፤ ሚሲዮኖቹ አገር ለቀው ሲወጡ ቋንቋው እሷ ዘንድ ቀረ። በ1976 ዓ.ም. ጥር ላይ ሦስት ፈረንጆች እሳተ ገሞራ የተፋቸውን ጥቁር ኮረብቶች ለማየት ከአዲስ አበባ የይለፍ ወረቀት ይዘው ጂንካ ደረሱ። ያን ጊዜ «አስጎብኚያቸው አንቺ ነሽ» ተባለች። ኦሞ ወንዝ ዳር እስካለችው ዱስ መንደር ድረስ በክትባት ዘመቻ ሁለት ጊዜ ሄዳለች፣ መንገዱን ታውቀዋለች። ትፈልጊያለሽ ወይ ብሎ የጠየቃት ግን የለም።

መንገዱ አላስጨነቃትም። ያስጨነቃት አብሯቸው እንዲሄድ የተመደበው ሰው ነው።

ንጉሤ የከተማው ካድሬ ነበር። ከስምንት ወር በፊት፣ ቤተ ክርስቲያናቸው ከታሸገች በኋላ፣ ባሏ ደምሰው እቤታቸው ሰው ሰብስቦ ሲጸልይ ተያዘ። ወደ አርባ ምንጭ ወህኒ ቤት በላከው ወረቀት ግርጌ ላይ የንጉሤ ፊርማ እንዳለበት ኤልሳቤጥ በዓይኗ አይታለች። ከዚያ ወዲህ ከባሏ አንዲት ቃል አልሰማችም። በየሁለት ሳምንቱ ቢሮ እየሄደች «ጓድ ንጉሤ፣ ስለ ባለቤቴ የተሰማ ነገር አለ?» ትላለች። እሱም ከወረቀቱ ቀና ሳይል «ሲጣራ ይነገርሻል፤ እስከዚያ ጠያቂ አይገባም» ይላታል።

በተነሡበት ጠዋት ንጉሤ የእንግዶቹን ጓዝ አንድ በአንድ አስፈታ። ከእንግዶቹ ሁለቱ ባልና ሚስት የስዊስ አገር መምህራን ናቸው፤ ቶማስና ሬናታ ይባላሉ። ሦስተኛዋ ጉድሩን የሚባሉ የስልሳ አራት ዓመት ሴት ናቸው፤ አገራቸው አይስላንድ ነው። ንጉሤ የቶማስን አቅጣጫ ጠቋሚ ወሰደበት። ከጉድሩን ቦርሳ ሥር ረጅም ጥቅል ገመድ ሲያገኝ ደግሞ አንሥቶ ለኤልሳቤጥ አሳያት።

«ማንን ልታስርበት ነው በያት።»

ጉድሩን ጥያቄው ሲተረጎምላቸው አልሳቁም። «እኔ በተወለድኩበት አገር ያለ ገመድ ከቤቱ ርቆ የሚሄድ የለም» አሉ።

ንጉሤ ገመዱን መልሶ ወረወረላቸው።

ላንድሮቨሩን የሚነዳው ታደለ ነው። የቀይ አፈርን ከተማ አልፈው፣ ዲመካ ላይ ውኃ ቀድተው፣ ቀኑን ሙሉ በአቧራ ውስጥ ወረዱ። ንጉሤ ከፊት ወንበር ተቀምጦ፣ ከኋላ አንድ ሰው አፉን በከፈተ ቁጥር «ምን አለች? ምን አለ?» ይላል። ኤልሳቤጥ ስለ ጉንዳን ኩይሳ ያወሩትን ሁሉ ሳይቀር ስትተረጉም ዋለች። አንድ ቃል ብታስቀር እንደሚጠረጥራት ታውቃለች። ቃል ብትጨምርም ያው ነው።

ጉድሩን ስለ አገራቸው ነገሯት። እሳተ ገሞራው ከበረዶ ሥር ነው ያለው፤ በረዶው ደግሞ ከሰማይ ወርዶ የሚቀልጥ አይደለም፤ እንደ ተራራ የከበደ፣ ሸለቆ የሚሞላ፣ በዓመት ጥቂት እርምጃ ድንጋይ እየፈጨ የሚጓዝ ነው። ኤልሳቤጥ በረዶ የምታውቀው በክሊኒኩ የላምባ ፍሪጅ ውስጥ፣ የክትባቱ ብልቃጥ ሥር ነው።

«በረዶ ይሄዳል አለች?» አለ ንጉሤ።

«አዎ ጓድ።»

«እሺ፣ ሌላስ?»

«ሌላ፣ ከላዩ ደህና መስሎ ከሥሩ ይሰነጠቃል፣ ሰው ይውጣል ነው የሚሉት። ሠላሳ ዓመት እዚያ ላይ እንግዳ ሲመሩ ኖረዋል። የእኔው ሥራ ነው ሥራቸው።»

ንጉሤ ፊቱን ወደ መንገዱ መለሰ። ጉድሩን ኤልሳቤጥን በክርናቸው ነካ አድርገው «ሁልጊዜ እንዲህ ነው?» አሏት። ያንን አልተረጎመችም።

ዱስ ሲደርሱ መሽቶ ስለነበር አደሩ። ጎህ ሲቀድ ታደለ መኪናው ጋ ቀረ፤ የተቀሩት የመንደሩ ሰው በሆነው በዶላሞ ጀልባ፣ ከአንድ ግንድ በተፈለፈለች ጠባብ ጀልባ፣ ኦሞን ተሻገሩ። ዶላሞ ማዶ ወዳጆች ያሉት፣ ኮረብቶቹንም ፍየል ሲፈልግ ያካለላቸው ሰው ነው። ንጉሤ ሽጉጡን ከወገቡ አውጥቶ ደረቱ ላይ ይዞ፣ ውኃው ላይ ዓይኑን ተክሎ፣ እስኪሻገሩ ትንፍሽ አላለም። አዞ መፍራቱ ነው፤ ማንም አልተናገረውም።

ሦስት ሰዓት ተኩል ተጓዙ። ሣሩ እየሳሳ፣ ግራሩ እያጠረ ሄዶ በመጨረሻ መሬቱ ጠቆረ። ከፊታቸው አናታቸው የተጎረደ ኮረብቶች ተደርድረዋል። ከሥራቸው ድሮ ቀልጦ የፈሰሰ ድንጋይ ተንጣሏል፤ ሲፈስ እንደ ገንፎ ተጠቅልሎ፣ እንደተጠቀለለ ደርቆ ቀርቷል። ሙቀቱ ከላይ ይመጣል፣ ከሥርም ይመጣል። የኤልሳቤጥ የላስቲክ ጫማ እግሯን ያቃጥላት ጀመር።

ዶላሞ በበትሩ ድንጋዩን መታ መታ አደረገ። አንዱ ቦታ ድፍን ድምፅ ሰጠ፣ ሌላው እንደ ከበሮ ጮኸ።

«ይኼ ደህና ነው» አለ። «ያ ደህና የለም። ያ ሆዱ ባዶ። ፍየል ገብቶ አልወጣም። እናንተ ዳር ዳር ሂዱ፣ በእኔ እግር።»

ኤልሳቤጥ ተረጎመች። ጉድሩን ራሳቸውን ነቀነቁ፤ «ሰውዬው ያውቃል» አሉ።

ወደ ትልቁ ኮረብታ አፍ የሚያወጣው ዳገት አመድ ነበር፤ አንድ እርምጃ ሲወጡበት ግማሹን ይመልሳል። የጉድሩን ጉልበት እምቢ አለ። ስለዚህ ዶላሞ ባልና ሚስቱን ይዞ እንዲወጣ፣ አሮጊቷ ከኤልሳቤጥ ጋር ከአንድ ትልቅ ቋጥኝ ጥላ ሥር እንዲጠብቁ ተስማሙ። ንጉሤ ማንን እንደሚከተል ተቸገረ። ጉድሩን ደብተርና እርሳስ ሲያወጡ አየና ከእነሱ ጋር ቀረ።

ትንሽ ቆይቶ ከኋላቸው መጥቶ ቆመ። ጉድሩን ኮረብቶቹን፣ ከነሱም ባሻገር የወንዙን ጥምዝምዝ መሥመር ሥለዋል።

«ይኼ ካርታ ነው።»

«ሥዕል ነው ጓድ፤ ለማስታወሻ—»

«አንቺን አልጠየቅሁም። ድንበሩ ከዚህ ምን ያህል እንደሚርቅ ታውቂያለሽ? ማን ላከሽ በያት።»

ኤልሳቤጥ ጥያቄውን እንዳለ አቀረበችው። ጉድሩን ረጋ ብለው አንገታቸውን አቀኑ፤ «ማንም አልላከኝም። ባሌ ከሞተ በኋላ ያላየሁትን ልይ ብዬ ነው የወጣሁት» አሉ። ንጉሤ መልሱን ሰምቶ ደብተሩን ከጭናቸው ላይ አነሣና ኮቱ ውስጥ ከተተው።

«አስተርጓሚዋም ትጠየቃለች» አለ። «ለቤተሰቡ አንድ መታሰር አልበቃውም መሰለኝ።»

ይህን ብሎ ቀና ሲል ኮረብታው ላይ ሰው የለም። ቶማስና ሬናታ ከዶላሞ ጋር ከአፉ ወዲያ አልፈዋል። ካሜራ ይዘዋል። ንጉሤ ተራገመና ሊከተላቸው ተነሣ፤ በዳር ዞሮ መሄዱ ይረዝማል ብሎም ጠፍጣፋውን ድንጋይ አቋርጦ ሄደ።

«ጓድ ንጉሤ፣ ዶላሞ በዚያ አትሂዱ ብሏል።»

«ዶላሞ ነው የሚያዘኝ?»

አሥራ አምስት እርምጃ ያህል ሄደ። ከዚያ ትልቅ እንስራ ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ተሰማ፤ ንጉሤም ከመሬቱ ላይ ጠፋ። ጥቁር ትቢያ ተነሣ። ለጥቂት ጊዜ ምንም ድምፅ አልነበረም፤ ቀጥሎ የሰው ጩኸት ከሥር መጣ።

ኤልሳቤጥ ልትሮጥ ስትል ጉድሩን ክንዷን ያዟት። እጃቸው እንደ ወንድ የጠነከረ ነው። «አትሩጪ። ከሮጥሽ ሁለት ትሆናላችሁ።» ገመዱን አወጡ። መካከሉን ጥላው ሥር በተቀመጡበት ቋጥኝ ላይ ጠምጥመው አሰሩት፤ በሁለቱ ጫፎች ላይ አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ ቀለበት ሠሩ፤ የኤልሳቤጥን ወገብ ደግሞ በአጭር ማሰሪያ ከገመዱ ጋር አያያዙት። «አንቺ ቀላል ነሽ፤ ቋንቋውም ያለሽ አንቺ ነሽ። በሆድሽ ተኝተሽ ሂጂ። እጅና እግርሽን ዘርጊ። ምን እንዳየሽ ንገሪኝ።»

ቀለበቶቹን ይዛ በሆዷ ተሳበች። ድንጋዩ ክርኗን ይልጣታል፣ ደረቷን ይፈጃታል። ጉድጓዱ ጫፍ ደርሳ ቁልቁል አየች። ንጉሤ ከሦስት ሰው ቁመት በታች፣ ከግድግዳው የወጣች ቀጭን ድንጋይ ላይ ተጣብቋል። አንድ እግሩ ያለ ቦታው ዞሯል። ከእሱ ሥር ምንም አይታይም፤ ጨለማ ብቻ ነው። ሽጉጡም ደብተሩም የሉም።

«ኤልሳቤጥ» አለ። ስሟን ያለ ማዕረግና ያለ ቁጣ ሲጠራ የመጀመሪያው ነበር። «ይቺ ድንጋይ እየተፈረፈረች ነው።»

ያየችውን ለጉድሩን በእንግሊዝኛ ነገረቻቸው። ጉድሩን ከኋላ መለሱ፦ «ፈጽሞ እንዳይንቀሳቀስ ንገሪው። ትልቁን ቀለበት በብብቱ ያግባ፤ በወገቡ አይደለም፣ በወገቡ ካሰረ ይታነቃል። ትንሹን በደህናው እግሩ ይርገጥ። ቶሎ ንገሪው።»

ኤልሳቤጥ አልነገረችውም።

ዝም አለች። አስባበት አይደለም፤ አፏ አልታዘዝ አላት። በወገብህ እሰረው ብትለው ማንም አያውቅም። ዝም ብትል ደግሞ መዋሸት እንኳ አያስፈልጋትም። ድንጋዩ ሥራውን ይሠራል። ንጉሤ ቀና ብሎ ዓይኗን አየ፤ ምን እያሰበች እንደሆነም ገባው።

«ምን አለች? ኤልሳቤጥ፣ ሴትየዋ ምን አለች?»

«ደምሰው የት ነው?»

«አርባ ምንጭ ነው። አለ። ደህና ነው።»

«በምን አውቃለሁ?»

ከተቀመጠበት ድንጋይ አንድ ቁራሽ ወደቀ። ታች ሲደርስ ለመስማት ሁለቱም ሳይፈልጉ ጆሯቸውን ጣሉ። ምንም አልተሰማም።

«ጽፎልሽ ነበር» አለ ንጉሤ። «ደብዳቤዎቹ በእኔ በኩል ነው የሚያልፉት። አራት ናቸው። ጠረጴዛዬ ውስጥ አሉ።»

«ለምን?»

«ብሰጥሽ እኔ ነበርኩ የምጠየቀው። እህቴ፣ ስለ እግዚአብሔር።»

ስምንት ወር ሙሉ እፊቱ ስትቆም ደብዳቤዎቹ ከጉልበቱ አንድ ስንዝር ርቀው ነበሩ።

«ምን ይላል?» አሉ ጉድሩን ከኋላ። ድምፃቸው ተለውጧል። አማርኛ ባያውቁም ዝምታውን ቆጥረውታል። «ስሚኝ። ከዚህ ሰው ጋር ምን እንዳላችሁ አላውቅም። እኔም ያልወደድኳቸውን ሰዎች ከበረዶ ውስጥ አውጥቻለሁ። ጠቡ እላይ ይቆይሻል፣ አይጠፋም። መጀመሪያ ይውጣ።»

ኤልሳቤጥ ዓይኗን ጨፈነች፣ ገለጠች። ከዚያ መናገር ጀመረች፤ ድምፅዋ በጤና ጣቢያው ለበሽተኛ የምትናገርበት ድምፅ ነበር።

«አይንቀሳቀሱ። ሁለት ቀለበት እሰድልዎታለሁ። ትልቁን በብብትዎ፣ በወገብዎ አይደለም። ትንሹን በግራ እግርዎ ይርገጡ። ሲረግጡ እንዳይዘሉ፤ ቀስ ብለው ይቁሙ።»

አደረገ። ክብደቱን ከድንጋዩ አንሥቶ እግሩ ላይ ሲያሳርፍ የተቀመጠባት ድንጋይ ተገንጥላ ወረደች፤ ንጉሤም ግድግዳውን በትከሻው መትቶ አየር ላይ ተንጠለጠለ። ጮኸ። ገመዱ ኤልሳቤጥ ከተኛችበት ጎን ድንጋዩን እየፈቀፈቀ ተወጠረ፤ ቋጥኙ ግን ያዘ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ እንደ መሰላል ነበር። በትንሹ ቀለበት ላይ ሲቆም ጉድሩን የብብቱን ገመድ ይስቡና በቋጥኙ ላይ ይጠመጥሙታል። በብብቱ ሲንጠለጠል ደግሞ የእግሩን ገመድ ይስባሉ። አንድ ክንድ፣ ግማሽ ክንድ። ኤልሳቤጥ በሁለቱ መካከል ተኝታ «አሁን እግር» ትላለች በእንግሊዝኛ፤ «አሁን ይቁሙ» ትላለች በአማርኛ። አንዱን ቃል ብታሳስት ሰውየው ይወርዳል። ሁለት ጊዜ ራሱን ስቶ ስሙን እየጠራች አነቃችው። ዶላሞ ጩኸቱን ሰምቶ ከኮረብታው ሲደርስ የንጉሤ ራስ ከጉድጓዱ ብቅ ብሎ ነበር። ዶላሞ በሆዱ ተኝቶ የኮቱን አንገት ጨብጦ ጎተተው።

ኤልሳቤጥ በዶላሞ በትር እግሩን አሰረችለት። ስታስር ዓይን ለዓይን አልተያዩም። ጉድሩን ስለ ደብተራቸው ጠየቁ፤ ወርዷል ስትላቸው «ይሁን» አሉና መዳፋቸው የተላጠበትን በውኃ ማጠብ ቀጠሉ። ቶማስና ዶላሞ እየተፈራረቁ ተሸክመውት ወንዙ ጋ ሲደርሱ ፀሐይ ዘቅዝቃለች።

ጂንካ ከተመለሱ በአራተኛው ቀን ኤልሳቤጥ ጤና ጣቢያ ውስጥ የንጉሤን የቁስል ፋሻ ልትቀይር ገባች። ጉድሩንና ጓደኞቻቸው በማለዳው አውሮፕላን ሄደዋል። በክፍሉ ውስጥ ሁለቱ ብቻ ነበሩ።

«ደብዳቤዎቹን» አለችው።

«የቱን ደብዳቤ?»

ፋሻውን መጠቅለሏን አላቆመችም። አላጠበቀችውም፣ አላላላችውም። «አራት ናቸው ብለውኛል።»

«ሰው በሞት አፍ ላይ ሆኖ ብዙ ይላል። ከአንቺ በቀር የሰማ ሰው የለም፤ ፈረንጇም አማርኛ አታውቅ።»

«እኔ ሰምቻለሁ» አለች። ፋሻውን ቋጥራ፣ መቀሱን ሳህኑ ላይ አስቀምጣ ቆመች። አልሄደችም።

ንጉሤ ወደ ግድግዳው ዞረ። ሲናገር ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። «ኮቴ ምስማሩ ላይ ነው። ቁልፉ ቀኝ ኪስ ውስጥ አለ። በስድስት ሰዓት ቢሮው ሰው አይኖረውም። ከተያዝሽ ሰርቀሽኝ ነው የገባሽው፤ እኔም እንደዚያው እመሰክራለሁ።»

በስድስት ሰዓት ሄደች። የቢሮው ኮሪደር ባዶ ነበር። መሳቢያው በሁለተኛው ሙከራ ተከፈተ። ማኅተሞች፣ የስም ዝርዝሮች፣ የተቆረሱ ጠመኔዎች፤ ከሥራቸው በደምሰው እጅ ጽሑፍ ስሟ የተጻፈባቸው ፖስታዎች። ሦስት ናቸው። አራተኛውን ስትፈልግ በሩ ተከፈተ።

ታይፒስቷ አስካል ነበረች። ኤልሳቤጥን አየች፤ የተከፈተውን መሳቢያ አየች፤ ፖስታዎቹን አየች።

«መስኮቱ ተከፍቶ አቧራ ይገባል ብዬ ነው» አለች አስካል። አልፋት ሄዳ መስኮቱን ዘጋች። ስትወጣም በሩን ቀስ አድርጋ ከኋላዋ ሳበችው።

ኤልሳቤጥ አራተኛውን መፈለግ ተወች። ሦስቱን ቀሚሷ ውስጥ ከትታ፣ ቁልፉን ጤና ጣቢያ ወዳለው ኮቱ ኪስ መልሳ፣ ቤቷ ገብታ በሩን ዘጋች። ፖስታዎቹ ሁሉም ተከፍተው ነበር። በመጨረሻው ደምሰው እንዲህ ብሎ ጽፏል፦ «እሑድ እሑድ ጠያቂ ይገባል። የሌሎቹ ሚስቶች ይመጣሉ። ታመሽ እንደሆነ ሰው ላኪልኝ። ተቆጥተሽኝ ከሆነም ልወቀው።»

በሳምንቱ የጭነት መኪና ላይ፣ ከሰሊጥ ጆንያ ጋር ተሳፍራ አርባ ምንጭ ገባች። እሑድ ዕለት ከሴቶቹ ጋር ሰልፍ ይዛ ከረፋድ እስከ ቀትር ቆመች። ደምሰው ሲወጣ መጀመሪያ አላወቀችውም፤ ጢሙ አድጓል፣ አንገቱ ቀጥኗል። ዘበኛው በመካከላቸው ቆሞ አሥር ደቂቃ አላቸው።

ደብዳቤዎቹ ለምን እንደዘገዩ፣ ሰውየው እንዴት እንደወደቀና እንዴት እንደወጣ በአጭሩ ነገረችው። ጉድጓዱ አፍ ላይ ዝም ስላለችበት ጊዜ አልነገረችውም፤ ያን የነገረችው ከተፈታ በኋላ ነው፣ ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ። በዚያ እሑድ ደምሰው የሰማው የሰውየውን መውደቅና መውጣት ብቻ ነው።

«ከባድ ሰው ነው፤ እንዴት ቻላችሁት?» አለ።

«በገመድ።»

እግሩን ስታይ ጫማው ፊቱ ተቀዶ በሽቦ ታስሯል። ከነጠላዋ ዘርፍ አንድ ክር መዘዘች። ዘበኛውን በዓይኗ ጠይቃ፣ ዝም ሲላት ጎንበስ አለችና ከተረከዙ እስከ አውራ ጣቱ ለካችው። ክሩን በልኩ ቋጥራ መሐረቧ ጫፍ ላይ አሰረችው።

«ጥቁር ይሁን ቡናማ?» አለችው።

«ያገኘሽውን» አለ ደምሰው። «ሰፋ ይበል ብቻ። እግሬ አብጧል።»